ጋሼ ወልደ ኪዳን በህንዱ ቡፌ ደጃፍ

በአገራችን የጾም ምግብ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አንድ መርማሪ አለው። ደመወዝ የለውም፣ መታወቂያ የለውም፣ ማንም አልሾመውም፤ ግን አለ። እናንተ ሳህናችሁን ይዛችሁ ጎመኑ ጋ ልትደርሱ ስትሉ እሱ ከፊታችሁ ቆሞ አስተናጋጇን ያፋጥጣል። ዘይቱ የምንድን ነው? ሽንኩርቱ በየትኛው ቢላ ተከተፈ? ትናንት በዚህ ድስት ምን ተሠራበት? ከኋላው የተሰለፈው ሰው በረሃብ ይቁነጠነጣል። እሱ ግን አይቸኩልም። የሌላውን ነፍስ የሚጠብቅ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

ቢቸና ስሠራ እንዲህ ያሉ አንድ ሰውዬ ነበሩን። ወደ ሞጣ ስዛወር «ተገላገልኩ» ብዬ ፍራሼን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ሞጣ የጠበቁኝ ሰው ግን የቢቸናውን ተማሪያቸው የሚያስመስሉ ሆኑብኝ። እኚህም ክቡር ጋሼ ወልደ ኪዳን፣ ርእሰ መርማርያን ዘሞጣ፣ ናቸው።

ጋሼ ወልደ ኪዳን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ እህል ገዢ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጆንያውን በሾለ ብረት ይወጉና የወጣውን ጤፍ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው፣ አንዷን ጠጠር ለይተው ለነጋዴው ያሳዩታል። ነጋዴው ይምላል፣ እሳቸው ጠጠሯን ያሳያሉ። ድርጅቱ ሲያሰናብታቸው ብረቱን አስረከቡ። ዓይናቸውን ግን የሚረከብ አልተገኘም። የሚወጉት ጆንያ ሲያጡ የከተማውን ድስት ይከፍቱ ጀመር።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ማማሰያው የማን ነው?» ትርጉሙ ይህ ማማሰያ የጾሙ ድስት ነው ወይስ ትናንት ቀይ ወጥ ውስጥ አድሮ የመጣ ነው ማለት ነው። አስተናጋጇ ከተቆጣች እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጉና «ክፉ አስቤ አይደለም ልጄ፣ ላጣራ ብዬ ነው» ይላሉ። ይህን ብለው መክደኛውን ያነሳሉ።

ዳቦ ቤት ገብተው «ይኸ ዳቦ ምን ተቀብቶ ነው የሚያብለጨልጨው?» ብለው ጋጋሪውን በሥላሴ አስምለውታል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ንፍሮና ወጥ ሲቀርብለት ማማሰያውን ጠይቀው፣ ሐዘንተኛዋ ለቅሶዋን አቋርጣ መልሳላቸዋለች። አንድ ቀን ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ ወደ ቢቸና ሊነሳ የተዘጋጀ አውቶቡስ መስኮት ሥር ቆመው፣ አንድ የማያውቁት መንገደኛ የሚበላውን ብስኩት ማሸጊያ ሲያነቡ ደረስኩ። «የወተት ዱቄት አለበት!» ብለው ጮኹ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። መንገደኛው ብስኩቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ፣ ሳይውጠው ሳይተፋውም፣ በዓይኑ እየተማጸናቸው ሄደ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ድስት የሚከፍቱት ጋሼ ወልደ ኪዳን በጾም ከቤታቸው ውጭ እህል ቀምሰው አያውቁም። ሁዳዴ ሲገባ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቤታቸው ገብተው ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይነሽ የሠሩትን ይበላሉ፣ አለቀ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት ሥርዓት ነው።

«ታዲያ የማይበሉበትን ቤት ለምን ይመረምራሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለእናንተ ነዋ!» አሉኝ፤ ውለታቸውን እንደዘነጋ ሰው ዓይተውኝ።

እንግዲህ በዚህ ሰው ከተማ ነው አገሬ የምትባል ልጅ የህንድ ቡፌ የከፈተችው።

አገሬ የቢቸና ልጅ ናት። ዱባይ ለአንድ የህንድ ቤተሰብ ምግብ እያበሰለች ብዙ ዓመት ኖራ ተመለሰች። ቢቸና ላይ ምግብ ቤቱ በዝቶ መግቢያ ሲጠፋ ሞጣ መጣች፤ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ በረንዳ ያለው ቤት ተከራይታ «የህንድ የጾም ቡፌ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ህንድ የሚባለውን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ሰሌዳው ሥር እየቆመ ያነብና ሳቅ ብሎ ያልፋል።

መጀመሪያ ከገቡት መካከል እኔና ይታያል የሚባል የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበርን። ሁለታችንም ወንደላጤዎች ነን፤ ደመወዛችን ወሩ ሳይጋመስ ጥሎን ይሄዳል። «ቡፌ» እና «ርካሽ» የሚሉ ቃላት አንድ ላይ ከተነገሩ እግራችን እኛን አያማክርም። ዋጋው ሌላ ቤት ከምንበላው ሽሮ እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ ሳህኑ ደግሞ የሚችለውን ያህል ይሸከማል። የይታያልን ሳህን ያየ ሰው ደብረ ወርቅ ድረስ በእግሩ ሊሄድ ስንቅ የያዘ ይመስለዋል።

ጠረጴዛው ላይ በእርድ ቢጫ የሆነ ሩዝ አለ። ከበርበሬ ጋር የተጣላ ምስር አለ። ሳይፈጭ እንዳለ በቲማቲም የተሠራ ሽምብራ፣ አበባ ጎመን፣ ቂጣ የሚመስል ስስ ቻፓቲ፣ በመጨረሻም ነጭ መረቅ ውስጥ የተኛ ድንች። ሰዉ ሩዙን አየ፣ ቻፓቲውን ገለባብጦ መረመረና «እንጀራውስ?» አለ። አገሬ «በህንድ ምግብ እንጀራ አይበላም» ብላ አንድ ሳምንት ተሟገተች። በሁለተኛው ሳምንት ከጠረጴዛው ጫፍ እንጀራ ቆለለች። ከዚያ ወዲያ ሞጣ የህንድን ምግብ በእንጀራ እየጠቀለለ ይበላ ጀመር፤ ቤቱም ሞላ። መምህሩም፣ ነርሱም፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያው ሆነ።

ጋሼ ወልደ ኪዳን የመጡ ዕለት ሳህኔን እንደያዝኩ ከኋላቸው ነበርኩ።

«ማማሰያው የማን ነው?»

«የየድስቱ ነው ጋሼ፤ አይደባለቅም።»

«ዘይቱስ?»

«የኑግ።»

«ይቺ ነጯስ?»

«ሱፍ ናት። እነሱ በእርጎ ነው የሚሠሯት፤ እኔ ለእኛ ሰው ብዬ በሱፍ ለወጥኳት።»

ወጥ ቤት ገቡ። ሱፉ ሲወቀጥ፣ በውሃ ሲበጠበጥ፣ ሲጠለል ቆመው ዓይተው ሲመለሱ የእኔ ሩዝ በርዷል።

«እነሱ ያልሻቸው እነማን ናቸው?»

«እሠራላቸው የነበሩት ህንዶች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ አይበሉም።»

«ዕድሜ ልካቸውን?» አሉ ጋሼ። «ፋሲካስ?»

«ፋሲካ የላቸውም።»

«እንግዲያ መቼ ነው የሚፈስኩት?»

«አይፈስኩም ጋሼ።»

ጋሼ ወልደ ኪዳን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ምስኪኖች!» አሉ ከልባቸው። ለህንድ ሕዝብ እንዲህ ያዘነ ሰው ዓይቼ አላውቅም። አገሬ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በዚህ ያልፍ ነበር፤ እሷ ግን እውነት ትወዳለችና «ቅቤና እርጎ ግን ይበላሉ» አለች። ባርኔጣው ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ጀምረውት ነበር» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ «ማን አቋረጣቸው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ይመጣሉ። በየዕለቱ መክደኛ ያነሳሉ፣ ማማሰያ ያገላብጣሉ፣ ዘይት ያሸታሉ፣ ሳይበሉ ይሄዳሉ። አገሬ ታገሰቻቸው። እኔ ብሆን በማማሰያው ነበር የምመልስላቸው።

ሁዳዴ ገባ። ሁዳዴ ለጾም ቡፌ መኸር ማለት ነው፤ ዓመቱን የሚያሻግረው እሱ ነው። አገሬ ከዱባይ ያመጣችው ጥሪት ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ ገብቷል። ሁዳዴ ከቀናት ቤቱ ይቆማል፤ ካልቀናት ዘግታ ወደ ቢቸና፣ ከዚያም ምናልባት ተመልሳ ወደ ሰው ወጥ ቤት። ይህን እሷ አልደበቀችም፣ እኛም እናውቅ ነበር።

አንድ ዓርብ ይታያል እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አገሬ ከጆግ ውስጥ ነጭ ነገር ድስት ላይ ስታንቆረቁር አየ። ይታያል የገጠር ልጅ ነው፣ ሱፍ እየጠጣ ነው ያደገ። ነገር ግን ሱፍን የሚያውቀው እናቱ ቤት በፍትፍት ነው፤ የህንድ ድንች ላይ ሲፈስ ዓይቶ አያውቅም። ህንድ ሲደመር ነጭ፣ ወተት ሆነለት። ለአንድ ሰው ብቻ «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ነገረ። ሰኞ ዕለት ሞጣ በሙሉ ለማንም ላለመናገር ተማምሎ ነበር።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ጾመኛው ሲቀር የማይጾመውም «ነገር ያለበት ቤት» ብሎ ቀረ። እኔ መብላቴን አልተውኩም፤ ነገር ግን የእኔ መብላት ለአገሬ ምስክር አልሆናትም። የእኔ ጾም ምን ዓይነት እንደሆነ አገር ያውቀዋል። እንዲያውም «እሱ እንኳ የሚበላበት ቤት» ተባለና ነገሩን አባባስኩት።

ጋሼ ወልደ ኪዳን ወሬውን ሲሰሙ ተቆጡ። በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በዕድሩ፣ በገበያው «እኔ በዓይኔ ዓይቻለሁ፣ ሱፍ ነው!» አሉ። ሰዉ በአክብሮት «እሺ ጋሼ» ይላቸዋል። ዘወር ሲሉ ግን «ሱፍ ከሆነ እሳቸው ለምን አይበሉም? በየቀኑ ሄደው አንድ ቀን አልቀመሱ! ያዩት ነገር ቢኖር ነው እንጂ» ይባባላል። ከዚህ የባሰ ማስረጃ ከየት ይመጣል? የከተማው መርማሪ ያልቀመሱት ምግብ!

ሐሙስ ቀን ቤቱ ውስጥ እኔና አገሬ ብቻ ነበርን። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ገቡ።

«ማማሰያው...»

አገሬ ማማሰያውን ከድስቱ አውጥታ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ይያዙት ጋሼ። ከእሑድ በኋላ የማንም አይደለም፤ ቤቱን ልዘጋ ነው።»

«ለምን ሲባል?»

«ሰዉ ጋሼ ወልደ ኪዳን ያልበሉበት ቤት እያለ እኮ ነው። ድስቴን ስንት ጊዜ ከፈቱ፤ አንድ ቀን አልቀመሱልኝም። እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። የእገሌ ልጅ ናት፣ እሷ ይኸን አታደርገውም የሚልልኝ ሰው የለኝም። ያለኝ ይኸ ምግብ ነው።» ጮክ ብላ አልነበረም የተናገረችው። ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር።

«እኔ እኮ... በሁዳዴ ከቤቴ ውጭ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ማማሰያውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። መክደኛ ሳያነሱ ሲወጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ቅዳሴ ሲያመራ ጋሼ ወልደ ኪዳን የአገሬ በረንዳ ላይ ታዩ። በፌስታል ሱፍ ይዘዋል፤ ከእትዬ ፀሐይነሽ ጓዳ የመጣ ነው። ሙቀጫ አስወጡ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ዘነዘናውን አነሱ።

ጎጃም ውስጥ ወንድ ልጅ ሙቀጫ ላይ ሲቆም ምን እንደሚባል ለምታውቁ አላስረዳም። ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚባል እንጃ፤ ከዚያ በፊት ሆኖ ስለማያውቅ ስም አልወጣለትም። ጋሼ የሚወቅጡት ግንድ እንደሚፈልጥ ሰው ነበር። ሱፉ ወደ ላይ ይዘላል፣ ግድግዳ ይመታል፣ ጺማቸው ውስጥ ይገባል። መንገደኛው ቆመ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ኧረ ጋሼ! ምነው፣ እትዬ ፀሐይነሽ ታመሙ እንዴ?» አለች አንዷ።

«ደኅና ናት! ወተት ነው አላችሁ አይደል? ቁማችሁ እዩ!»

የሳቀው ብዙ ነው። ወንዶቹ በሐፍረት ወደ መሬት አዩ፣ እኔም ከእነሱ ጋር። ሴቶቹን ያሸነፋቸው ግን ለአገሬ ማዘን አይመስለኝም፤ የሱፉ መባከን ነው። «ፈጁት እኮ!» ብለው ሁለቱ በረንዳው ላይ ወጡ፤ አንዷ ዘነዘናውን ነጠቀቻቸው፣ ሌላዋ ወንፊት ተቀበለች። ወቀጡት፣ በጠበጡት፣ ጠለሉት። ነጩ ውሃ ወረደ። አንዷ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነምና የቀመሰ የለም።

«ወተት ይመስላል እኮ!» አለች።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» አሉ ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ።

አገሬ ምድጃዋን ወደ በረንዳው አወጣችና በዚያው ሱፍ ድንቹን እዚያው ሕዝብ ፊት ሠራችው። ሴቶቹ ወደ ቅዳሴያቸው ሄዱ። ጋሼ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሴ ቀሩ፤ ወንበር ይዘው ድስቱን ጠበቁ።

ቅዳሴ ሲወጣ በረንዳው ፊት የቆመው ሰው ለመብላት የመጣ አልነበረም፤ ለማየት ነው። ይታያልም መጥቷል። «ሱፉንስ አየነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሌላውን ነገር ማን ያውቃል?» ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ።

ጋሼ ወልደ ኪዳን እጃቸውን ታጠቡ። ሳህን አነሱ። ቡፌ ላይ ሳህን ይዘው ስለማያውቁ እንጀራው ግማሹ ውጭ ተንጠለጠለ። ከነጩ ድንች ጨለፉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀመጡ። ጸለዩ፣ አማተቡ። ከዚያ ያንን ሁሉ ዘመን የጠበቁትን ሥርዓት ትተው ጎረሱ።

አላመጡ። ቆም አሉ።

«ጨው የለውም» አሉ።

አገሬ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከሕዝቡ መካከል የሆነ ሰው ሳቀ።

«አልቀመስሽውም?»

«እንዴት አድርጌ ልቅመሰው ጋሼ? ስሠራው ዘጠኝ ሰዓት አልሆነ።»

«ከሆነስ በኋላ?»

«እርስዎ ሳይበሉ እንዴት ልብላ?»

ሳቁ ቆመ። አገሬ ምሳ ስታቀርብልን ሁልጊዜ ሳህናችን ላይ ጎንበስ ብላ «ጨውስ እንዴት ነው?» ትለን ነበር። እንግዳ አክባሪነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቀማሾቿ እኛ ነበርን። ከንጋት ጀምሮ እሳት ላይ ቆማ፣ ያን ሁሉ ድስት እያማሰለች፣ ምላሷ ላይ አንድ ጠብታ ሳታደርግ ነበር የምታበላን። ምግቧ የጾም ነው አይደለም ብለን ስንከራከር፣ እሷ ትጹም አትጹም ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ጋሼ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ?» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከሳህናቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ሽማግሌው ለልጅቷ ተነሡላት። «ነይ ልጄ፣ ሰዓቱ አልፎብሻል» አሏት። አገሬ እንባዋ እየወረደ ጎረሰች።

እኚህ ሰውዬ ስንት ምሳ አብርደውብኛል። ላለፈ ላገደመው ሁሉ አምቻቸዋለሁ። አሁንም ነገ ከፊቴ ሲቆሙ ማማቴ አይቀርም። ግን እወዳቸዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ክፉ ቃል የተናገረባቸው ሰው ቢኖር፣ እኔ ጠብ የማላውቀው ሰውዬ፣ እደባደብ ነበር።

መጀመሪያ ሳህን ያነሳው ይታያል ነው። አቀርቅሮ መጣ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ አነሳ፣ አገሬንም ሳያያት «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። ከእሱ ኋላ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። ሁሉም ነጩን ድንች ፈለገ። አንዲት የጨው ብልቃጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተቀባበልን በላን። ብልቃጧ ጋሼ ወልደ ኪዳን ጋ ስትደርስ ግን ሳይነኳት ለጎረቤታቸው አሳለፏት፤ ያለ ጨው የቀረበላቸውን እንዳለ፣ አንድ ድንች ሳያስቀሩ፣ ጨረሱት።